ከመሥሪያ ቤት ሳይሰናበቱ የሚሄዱ ባልደረቦችን እንዴት ማስተዋል ይቻላል?

በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት የቆየ ሰው ስንት ባልደረባ እንደሸኘ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የስንብት ዝግጅት የተደረገላቸውን ብቻ ነው። ኮንትራቱ ያለቀበት፣ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የተዛወረ፣ ከሕመም ፈቃድ ያልተመለሰ፣ ወይም የቀረውን የዓመት ዕረፍት ከመልቀቂያው ጋር አያይዞ በዚያው የቀረ ሰው ግን ከቁጥሩ ውስጥ አይገባም። እነዚህን ለማስተዋል ጥሩ ትዝታ አይበቃም፤ መጀመሪያ ዓይን የሚስተው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ብዙ ይነግረናል። አንድ ሰው መንገደኛን አስቁሞ አቅጣጫ እየጠየቀ ሳለ በር የተሸከሙ ሰዎች በመካከላቸው ያልፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጠያቂው በሌላ ሰው ይተካል። ከ15 መንገደኞች መለወጡን ያስተዋሉት 7 ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም በዕድሜ ለጠያቂዎቹ የሚቀርቡ ወጣቶች ነበሩ። ጠያቂዎቹ የግንባታ ሠራተኛ ልብስ ለብሰው ሙከራው በ12 ወጣቶች ላይ ሲደገም ግን ያስተዋሉት 4 ብቻ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ እንዳብራሩት፣ ከእኛ ወገን አይደለም ያልነውን ሰው የምንመለከተው መልኩን ለይተን ሳይሆን በጥቅሉ «ሠራተኛ» ብለን ነው።

ስለዚህ ማስተዋልን መጀመር የሚገባው ከራስ ክፍል ሳይሆን የደንብ ልብስ ከሚለብሱት ነው። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች በብዙ ቦታ የሚቀጠሩት በሌላ ድርጅት በኩል በመሆኑ፣ መልቀቃቸውን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለሠራተኛው አይደርሰውም፤ ቦታቸውም ባዶ ሆኖ አይታይም፣ ምክንያቱም በማግስቱ ያንኑ ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው ይቆምበታል። ለውጡ የሚታወቀው በትንንሽ ነገር ነው፤ ለምሳሌ በእንግዳ መመዝገቢያው ላይ የሰዓቱ ቁጥር አጻጻፍ ተለውጦ ይገኛል፣ ወይም ሁልጊዜ ከመጥረጉ በፊት በሩን ሁለት ጊዜ የሚያንኳኳው ሰው ቀርቶ ሳያንኳኳ የሚገባ ይመጣል። ስማቸውን ገና በሥራ ላይ ሳሉ ጠይቆ መያዝ ግድ ነው፤ ስሙ የማይታወቅን ሰው ከሄደ በኋላ «ያ ረጅሙ» ብሎ ማፈላለግ ሩቅ አያደርስም።

ለቀሩት ባልደረቦች የተሻለው መሣሪያ አሮጌ ሰነድ ነው። ብዙ ሰው የቡድን ፎቶግራፍ ይመርጣል፤ ነገር ግን ፎቶ ያነሳው፣ ተረኛ የነበረውና መነሳት የማይወደው በውስጡ አይገኙም። ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በፊት የተያዘ ቃለ ጉባኤ ወይም የቆየ ኢሜይል የተቀባዮች ዝርዝር የበለጠ ታማኝ ነው። ዝርዝሩን ከፍተው በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ይበሉና «አሁን የት ነው ያለው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። እዚሁ ያሉትንና የሄዱበትን የሚያውቋቸውን ይለፏቸው፤ የት እንዳሉ መልስ ያጡላቸውን ብቻ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በሚሞላበት ሰሞን ማድረግ አይረሳም።

ቀጥሎ የሚመጣው አጠያየቅ ነው። የሰው ሀብት ክፍል አንድ ሰው የለቀቀበትን ምክንያት አይነግርዎትም፤ መንገርም የለበትም። አጠገቡ ይሠራ የነበረውን ሰው መጠየቅ ይሻላል፣ ጥያቄውም «ለምን ለቀቀ?» ሳይሆን «አሁን የት ነው?» ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው ሐሜትን ይጋብዛል፤ ሰውየው ታምሞ ወይም ከሥራ ተባርሮ ከሆነም እሱ ራሱ ሊነግር የሚገባውን ከሌላ አፍ ያስወጣል። መልሱ ሞት ሊሆንም ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘግይቷል ብሎ ከመተው ቤተሰቡን አፈላልጎ ማጽናናት ይገባል።

የሥራ ኢሜይልና የቢሮ ስልክ ሰውየው በወጣበት ቀን ወይም ብዙም ሳይቆይ ስለሚዘጉ፣ የግል ቁጥር አስቀድሞ መለዋወጥ ብልህነት ነው። የሚለቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይታወቃል፤ የጠረጴዛው የግል ዕቃ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ለቀጣዩ ዓመት የሚታቀድ ሥራ ላይ ሐሳብ መስጠት ያቆማል፣ የሚያውቀውን ጉዳይ እንኳ «እገሌን ጠይቁ» ማለት ያበዛል። ምልክቱ ሊያሳስት ስለሚችል ለሌላ ሰው መንገር አይገባም።

ይህ ሁሉ ድካም ለቅርብ ጓደኛ ብቻ ነው የሚገባው የሚል ካለ፣ ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን ውጤት ይመልከት። እሱ ካጠናቸው፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል መረጃ ሰጪያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ነበሩ። ሆኖም ከዓመታት በኋላ የሚላክ የመጀመሪያ መልእክት ጉዳይ ማስፈጸሚያ ከሆነ ሰውየው ወዲያው ይገባዋል። «የድሮ ቃለ ጉባኤ ሳገላብጥ ስምህን አየሁት፤ እንዴት ነህ ልልህ ነው፣ መልስ ባትጽፍም ግድ የለም» የሚል አጭር ጽሑፍ ይበቃል። መልስ ካልመጣ ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝምታውን መልስ አድርጎ መቀበልና ስሙን ከወረቀቱ ላይ መሰረዝ ነው።