ከሊምፎማ ኬሞ በፊት የጉበት ቫይረስን ማጣራት፦ ለወሎ አስታማሚዎች

የንፍፊቱ ናሙና ታይቶ «ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ነው» ከተባለ፣ የመጀመሪያው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሳይሰጥ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተመርምሯል? ኤችቢኤስ አንቲጅን የሚባለው ምርመራ ብቻውን አይበቃም። አንቲ ኤችቢ ኮርም ይታዘዝ፤ ቫይረሱ ድሮ ገብቶ ጉበት ውስጥ አድፍጦ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ኤችአይቪም አብሮ ይመርመር።

ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ካንሰር የያዛቸውን ቢ ሴሎች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ሲጠርግ ጤነኞቹንም ይጠርጋል። ዘቡ ሲነሣ ያደፈጠው ቫይረስ ይባዛል፣ ጉበት ይቆጣል፣ ኬሞው ይቋረጣል። ዕጢው እየሟሸሸ በጉበት የሚሞት ሰው አለ።

ከሁለቱ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች አንዱ እንኳ ቫይረሱን ካሳየ፣ መከላከያው ክኒን ኤንቴካቪር 0.5 ሚሊ ግራም ወይም ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ ነው። ከኬሞው በፊት፣ ቢዘገይ በዚያው ቀን ይጀመራል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ኤንቴካቪርን ለብቻው አይውሰድ፤ የኤችአይቪ ቫይረሱ መድኃኒት ተላምዶ አልበገር ይላል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያለበት የኤችአይቪ ክኒኑ ለሁለቱም ስለሚሠራ አያቋርጠው።

ኤንቴካቪር የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፦ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለውም 2 ሰዓት በፊት። እራቱን ማታ በ1 የበላ በ3 ሰዓት ወስዶ ይተኛ። በረመዳንም በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ይመቻል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾመውም እንዲሁ።

ብዙው የሚሳሳተው ማቆሚያው ላይ ነው። «ኬሞው አልቋል» ተብሎ ክኒኑ አይተውም፤ ከመጨረሻው ሪቱክሲማብ ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። የሰውነት መከላከያ ሲመለስ ነው ጉበት ክፉኛ የሚጎዳው። የጉበት ኢንዛይም (የጉበትን ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ) በየ3 ወሩ ይታይ፣ ክኒኑ ከቆመ በኋላም እስከ 12 ወር። ከላሊበላ ወይም ከወገል ጤና ደሴ የሚመላለስ ሰው ክኒኑ 2 ሳምንት ሲቀረው ይግዛ፤ መንገዱ ሁልጊዜ አይታመንም።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትም እንደ ሻይ ከጠቆረ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር መቀቀል አይገባም። ሥሩ የተጎዳውን ጉበት ሊያባብስ ይችላል፣ ሐኪሙም ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፣ የሚወሰደውን ክኒን ሁሉ ይዘው። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰም፣ በተለይ ከኬሞው ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይሂዱ።

ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘ የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይመርመሩ፤ ያልተያዘው ክትባቱን ይውሰድ።