25 ከ75 የበለጠበት ማለዳ፦ ለአጋዘን አደን ስፖቲንግ ስኮፕ አመራረጥ

የመጀመሪያውን ስፖቲንግ ስኮፔን የገዛሁት በ189 ዶላር ነው። ሳጥኑ ላይ «25-75×75» ተብሎ በደማቁ ተጽፎበታል። በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ መሆኑን እንጂ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። 75 ከ60 እንደሚበልጥ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ባለ 60ውን ትቼ ባለ 75ቱን ይዤ ወጣሁ። ሻጩም እሰየው አለ እንጂ አልከለከለኝም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ከምኖርበት ከአውሮራ አራት ሰዓት ያህል ነድተን ጋኒሰን ገባን። ጋኒሰን በኮሎራዶ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ጋር ትከሻ ለትከሻ ናት፤ ብርዷ ግን የአዲስ አበባ ዘመድ አይደለም። አብረውኝ ያሉት በሥራ ቦታ የተዋወቅኋቸው፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። የሁለታችንም ፈቃድ የሚሠራው ሚውል ዲር ለሚባለው የአገሩ አጋዘን፣ ያውም ቀንድ ላለው ወንድ ብቻ ነው። እንስት መትቶ መገኘት ቅጣት አለው፤ ከቅጣቱም በላይ ነውር ነው።

ከማለዳው 12 ሰዓት ከ20 ላይ በረዶ ላይ ተቀምጠን ማዶ ማዶውን እናያለን። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ስኮፔን ወደ 75 አዞርኩት። የታየኝ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። በሻዩ ውስጥ አንድ አካል ይዋኛል፤ ከራሱ በላይ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ነገር ቆሟል። «ቀንድ ነው፤ ያውም ትልቅ» አልኩ። አዛውንቱ በራሳቸው ስኮፕ አዩ። የእርሳቸው 15-45×65 ነው፤ የጎማ ልብሱ ተላልጦ በፕላስተር ተጠግኗል። ማጉያውን 25 ላይ አድርገው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንስት ናት፤ ከኋላዋ ደረቅ ቁጥቋጦ አለ» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ሸለቆውን ወርጄ ማዶውን ለመውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እንስት ናት፤ ከኋላዋ ደረቅ ቁጥቋጦ አለ።

የእርሳቸው 25 የእኔን 75 እንዴት በለጠ? መልሱ በማካፈል ይገኛል። ከማባዣው ምልክት በፊት ያሉት ቁጥሮች ስኮፑ ከስንት እስከ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራሉ፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። የሌንሱን ስፋት ባቀረቡበት እጥፍ ያካፍሉት። 75 ለ75 ሲካፈል 1 ሚሊሜትር፤ 65 ለ25 ሲካፈል 2.6 ሚሊሜትር። ይህ ከስኮፑ ወጥቶ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ስኮፑን ከፊትዎ ራቅ አድርገው ወደ ደማቅ ሰማይ ቢያዞሩት ክቧ ራሷ በዓይን በኩል ባለው ሌንስ መካከል ቁጭ ብላ ትታያለች። የዓይናችን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ሲጨልም ደግሞ እስከ 5፣ በወጣትነት ጊዜ እስከ 7 ሊደርስ ይችላል። በድንግዝግዝ ሰዓት በሰፊው ለተከፈተ ዓይን 1 ሚሊሜትር ብርሃን መስጠት ለተጠማ ሰው በሻይ ማንኪያ ውኃ ማቅረብ ነው።

አጋዘን ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በዚያው ድንግዝግዝ ነው። በኮሎራዶ ደንብ መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። እኔ ካየኋቸው ትልልቅ ወንዶች አብዛኞቹ የተገኙት በእነዚያ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። በእነዚህ ሰዓታት ከ20 እስከ 30 እጥፍ ይበቃል። ስለዚህ ስኮፕ ሲያነጻጽሩ ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ትንሹን ይዩ፤ ከ15 ወይም ከ20 የሚጀምር ከ27 ከሚጀምር ይልቅ ማለዳ ላይ ያገለግልዎታል።

«ቀን ቀን በ60 አያለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀን ሌላ ጠላት ይመጣል። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው ከመሬቱ በላይ ያለው አየር እንደ ምጣድ ላይ ትኩሳት መርገብገብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ባጎሉት ቁጥር የሚጎላው አጋዘኑ ሳይሆን መርገብገቡ ነው። የሦስት ሺህ ዶላር ስኮፕም ለዚህ መድኃኒት የለውም። ወደ 25 ይመልሱት፣ ወይም ምሳዎን ይብሉ። መርገብገቡ አንድ ጥቅም ግን አለው፦ ወደ ጎን ከተጋደመ ነፋሱ ወደዚያ እንደሚሄድ ይነግርዎታል።

የፊት ሌንሱን ስፋት በተመለከተ የእኔ ሚዛን ጀርባዬ ነው። የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ከ65ቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ብርሃን ይሰበስባል፤ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ነገር ግን 80 ወይም 85 የሆነ ስኮፕ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፣ መቆሚያው ሌላ ሁለት ኪሎ አለ፣ ጠመንጃ፣ ውኃ፣ ልብስ፤ ቀንቶዎት ከሆነ ደግሞ ሲመለሱ ሥጋ። ከመኪና መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያይ ሰው 85ቱን ይግዛ። ተራራ ለሚወጣ ሰው 65 መካከለኛውና ብልሁ መንገድ ነው። ሦስትና አራት ቀን ድንኳን ተሸክሞ ለሚገባ ከ50 እስከ 55 የሆኑ፣ ከአንድ ኪሎ የማይበልጡ አሉ፤ ማለዳና ማታ ጥቂት ደቂቃ ያሳጥሩበታል፣ ትከሻውን ግን ያተርፋል።

ስለ መስታወቱ ጥራት ማስታወቂያው ብዙ ያወራል። በተግባር የሚፈልጉት «ኢዲ» የተባለውን ዓይነት መስታወት ነው፤ ቀለማትን ሳይበታትን በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ኮዋ ከፍተኛ ሞዴሎች፣ የፍሎራይት ክሪስታል ይጠቀማሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ጥራቱን በዓይንዎ ለመለየት በሰማይ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ይዩ። በጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከተቀባበት ያ መስታወት ማለዳ ላይ ቀንድና ጭራሮ አይለይልዎትም። እኔን ሁለት ሰዓት ያስኬደኝ ይኸው ነው።

ቀሪዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የዓይን ሌንሱ ወደ ላይ የታጠፈ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ወደ ተራራ ሽቅብ ለሚያይና መቆሚያውን ዝቅ አድርጎ መቀመጥ ለሚወድ የታጠፈው አንገት ያሳርፋል፤ ከመኪና መስኮት ለሚያይ ወይም ቶሎ ማነጣጠር ለሚፈልግ ቀጥ ያለው ይሻላል። የእኔ የታጠፈ ነው። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ዓይንዎ ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ርቆም ሙሉውን ክብ ማየት አለበት፤ ሱቁ ውስጥ መነጽርዎን ሳያወልቁ ይሞክሩት። ምስሉን የሚያጠራውን ቀለበት በወፍራም ጓንት ያዙሩት። ውኃ የማያስገባና ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የተሞላ ይሁን፤ አለበለዚያ ከሞቀ መኪና ወጥቶ ብርድ ሲመታው ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፣ ከውስጥ የሆነውን ደግሞ በጨርቅ አይጠርጉትም።

መቆሚያው ላይ ግን እንቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ስኮፑ ላይ ነውና። በሁለተኛው ዓመት ጥሩ ስኮፕ ገዝቼ በ40 ዶላር የካሜራ መቆሚያ ላይ አስቀመጥኩት። ነፋስ ነፈሰ። በ40 እጥፍ ሲያዩ የመቆሚያው ንዝረትም 40 እጥፍ ይሆናል፤ አጋዘኑ ቆሞ ሳለ እኔ ግን ሲጨፍር አየዋለሁ። ገንዘብዎን ከአራት ከፍለው አንዱን ለመቆሚያውና ስኮፑ ለሚያርፍበት አናቱ ይተዉ። አናቱ በዘይት እንደተቀባ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ሲለቁትም ባለበት የሚቆም መሆን አለበት። የመካከለኛውን ዘንግ ወደ ላይ አይምዘዙት፤ እግሮቹን በሰፊው ከፍተው ዝቅ አድርገው ይቀመጡ፣ ከሥሩ ቦርሳዎን ያንጠልጥሉ። 300 ዶላር ብቻ ካለዎት እንዲያውም ስኮፕ አይግዙ፤ 10×42 ባይናኩላርዎን፣ በሁለት ዓይን የሚያዩበትን፣ የሚይዝ ማያያዣና ጠንካራ መቆሚያ ይግዙ። በመቆሚያ ላይ የጸና ባይናኩላር በእጅ ሲይዙት ያላሳየዎትን ሁሉ ያሳይዎታል።

ስኮፕ አጋዘን መፈለጊያ አለመሆኑንም ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚያውቁት። በ60 እጥፍ ሲያዩ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚታይዎ ስፋት 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ተራራን በቁልፍ ቀዳዳ መፈተሽ ነው። በባይናኩላር ይፈለጋል፤ በስኮፕ ይጣራል። እንዴት እንደሚፈለግ ያስተማሩኝ ደግሞ ባይናኩላር ኖሯቸው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያደግሁት ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ ነው፤ አጎቴ የብሔራዊ ፓርኩ ስካውት ነበሩ። ለእኛ አጋዘን ማለት ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። አሜሪካኖቹ «ዲር» የሚሉትን አጋዘን የምንለው ሌላ ስም ስለሌለን ነው እንጂ ዝምድናቸው ሩቅ ነው፤ የእኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፣ የዚህኛው በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። መደበቂያቸው ግን አንድ ነው። በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን ጭቁኝ ውስጥ ሲተኛ ከጆሮው በቀር የሚታይ አይተውም። የጋኒሰንን ኮረብታዎች ያለበሰው ግራጫ ቁጥቋጦም የጭቁኝ ወገን ነው፤ ቅጠሉን አሽተው ቢያሸቱት ይመሰክራል። አጎቴ «አጋዘን አትፈልግ፤ ቦታው ላይ የማይመስል ነገር ፈልግ» ይሉኝ ነበር። በቆሙ ግንዶች መካከል አግድም የተዘረጋ መስመር የጀርባ መስመር ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚውል ዲር መቀመጫ ሊሆን ይችላል። በጸጥታው መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ የሚል ነገር ጆሮ ነው። ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ከበቅሎ ጆሮው ነው፤ ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ጎን ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚሆኑ፣ ቀንዱ ከጆሮዎቹ ውጪ ካለፈ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ነው ብለው ስኮፑን ያጠጋሉ።

ሲገዙ እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት አይታለሉ፤ በዚያ መብራት ሁሉም ስኮፕ ጥሩ ነው። ወደ ማታ ይሂዱ። ባለ ሱቁን «ደጅ ወጥቼ ልይበት» ይበሉት፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በመኪና ማቆሚያው ጥግ ያለውን የታርጋ ቁጥር በ25 ያንብቡ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ቁጥር እያሳደጉ የት ላይ እንደሚደበዝዝ ይያዙ። የስኮፑ እውነተኛ ቁጥር እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሳጥኑ ማሳመሪያ ነው። ሲያጠሩትም በአንድ ቦታ ላይ «አሁን!» ብሎ ቁልጭ ማለት አለበት፤ ወዲያና ወዲህ እያሉ ቢፈልጉት የማይገኝ ከሆነ ይመልሱት። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። እንደ ቮርቴክስ ያሉት አምራቾች የዕድሜ ልክ ዋስትናቸው ለሁለተኛው ባለቤትም ይሠራል፤ እኔ የምጠቀምበትን ባለ 65 ስኮፕ ያገኘሁት ከአንድ ጉልበቱ ከደከመ አዳኝ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ካለፍኩ አጎቴ ይታዘቡኛል። በጠመንጃው ላይ ባለው መነጽር ማዶን አይፈትሹ። የሚያዩት ግራጫ ነገር ሰው ሊሆን ይችላል፤ አፈሙዙን ደግነውበታል ማለት ነው። ስኮፕ የሚገዛበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ስኮፕ ለሩቅ ነው ስልም ሩቅ ለማየት እንጂ ሩቅ ለመተኮስ ማለቴ አይደለም። በ700 ሜትር ተኩሰው የሚኩራሩ አሉ፤ እኔ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ አይቼ፣ ግማሽ ቀን ዞሬ፣ ከ250 ሜትር ወዲህ ካልሆነ አልተኩስም። አቁስሎ ማደርን የመሰለ የሚያስጠላ ሌሊት የለም።

ያ ባለ 75 ስኮፕ አሁን በረንዳችን ላይ ነው። ልጄ ጨረቃ ስትሞላ እስከ መጨረሻው አዙራ በ75 እጥፍ ጉድጓዶቿን ትቆጥርበታለች። ጨረቃ ብርሃኗ ስለሚተርፍ 1 ሚሊሜትሩ ይበቃታል።