ሽማግሌን መድረክ ላይ በሰውነት እንዴት እንተውን?

ወጣት ተዋናይ የሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ሲደርሰው ቀድሞ የሚታየው ጎንበስ ማለት ነው። እኔም በመጀመሪያው ትርኢቴ ወገቤን አጥፌ ገባሁ። ደረቴ ስለታጠፈ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ድምፄ እግሬ ሥር ቀረ። ከኋላ አንዱ «አባባ፣ አይሰማም!» ሲል አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ትዕይንቱ ለቅሶ ነበር።

1. ወገቡን ተዉት። ሽማግሌ እርጅናውን ሊደብቅ ይታገላል እንጂ አያሳይም። አንድ የታመመ ቦታ ብቻ ምረጡ፤ ቀኝ ጉልበት እንበል። ያኔ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል፣ ከታመመው እግር ጋርም እኩል መሬት ይነካል። ይህን የምንስት ብዙ ነን፤ ቤቱ የሚያነክስ አባት ያለው ተመልካች ግን ወዲያው ይነቃብናል።

2. ጋቢና ከዘራ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ይኑሩ። አርቴፊሻል ጢም ባይኖር እመርጣለሁ፤ ላብ ሲመጣ ይላቀቃል።

3. አነሳሱን አጥኑ። ሥራው ያለው እዚህ ነው። እንግዳ ሲገባ ሽማግሌው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ እንግዳው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ምን ያህል እንደተነሳ ያየ ተመልካች የገባው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። ለቄሱ ጉልበቱ እያመመውም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእኩያው እስከ ግማሽ ነው። ለማይወደው አማቹ ደግሞ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ከመቀመጫው ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ደኅናውን እግር ወደ ወንበሩ ሳቡ፣ ከዘራውን ተደገፉ፣ ደረታችሁ ከጉልበታችሁ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት አዘንብሉ፣ ከዚያ ተነሱ። «ኖር»ን ቁጭ ብላችሁ ከጨረሳችሁት ተራ ልማድ ይሆናል፤ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ካወጣችሁት ግን ሕመሙ ቃሉ ውስጥ ይሰማል።

ጓደኛችሁን መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጡና ያለ ቃል ተነሱ። «ማን ገባ?» በሉት። ከሳተ ፊታችሁን ሳይሆን ዳሌያችሁን አስተካክሉ። በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውን ብሔራዊ ቴአትርን በመሰለ ሰፊ አዳራሽ ከኋላ ያለ ሰው ቅንድብ አያይም።

4. መቀመጥ ያው ግልባጩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ጉልበት ይከዳና ዱብ ይላል።

መጋረጃው ሲዘጋ ወለሉ ላይ ተጋደሙና ሰውነታችሁን አፍታቱ። እኔ ይህን ዘልዬ፣ በውሸት ቀኝ እያነከስኩ ግራ ዳሌዬን በእውነት አሳምሜዋለሁ።