ኮምፒውተሩ «አልነሳም» ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎረቤት ደውሎ «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የት ላይ ቆመ? አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። ቁልፉ ሲጫን ጭራሽ ድምፅ የማያሰማውም፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ የጠቆረውም፣ የዊንዶውስ ምልክት ላይ ደርሶ ነጠብጣቦቹን ሲያሽከረክር የሚያድረውም በእኛ አፍ ሁሉም «አልነሳም» ነው። ሦስቱ ግን የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ የኬብል ወይም የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው)። ሦስተኛው የዲስክ ወይም የዊንዶውስ። ይህን ሳይለዩ ካቻቢቴ ማንሣት የስህተቶቹ ሁሉ እናት ነው።

ድምፅ ከሌለው ከግድግዳው ጀምሩ። አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖር ጎረቤቴ ሲፒዩውን (ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለት ለምዶብናል፤ ሲፒዩስ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ናት) ተሸክማ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ታክሲ ይዛ ጥገና ቤት ወሰደችው። እዚያ ሲሰካ ያለምንም ችግር ተነሣ። የሞተው ዲቫይደሩ ነበር። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ የፓወር ገመድ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ያለችው ማብሪያ፤ ሦስቱን መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ራሴ የሠራሁት ግን ከዚህ ይከፋል። አክስቴ ከአሜሪካ በሰው የተላከላትን አሮጌ ዴስክቶፕ ልሰካላት ሄድኩ። ከፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጀርባ ያለችዋን ትንሽ ቀይ መምረጫ ሳላይ ገመዱን ሰካሁ። መምረጫዋ 115 ላይ ነበረች፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ጧ! አለና ቤቱ በጭስ ታፈነ። አክስቴ ኮምፒውተሩን ረስታ «ልጄ፣ እጅህን አሳየኝ» ስትል ነው የባሰ ያፈርኩት። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ፤ ጎናቸው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ከተቃጠለም በኋላ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ፈትቶ ውስጡን መነካካት አይገባም። ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

«መብራት መጣ!» የሚል የልጆች ጩኸት ሰፈሩን ሲሞላው እጃችን ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፍ መሮጡም ልማድ ነው። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ ቮልቴጁም ይዋዥቃል። መብራት ሲሄድ ገመዱን ንቀሉ፤ ሲመለስ አሥር ደቂቃ ታገሡ። ስታብላይዘር አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አንዲት ሰከንድ አይሰጥም። ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ነው፤ እሱም ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት እንድታጠፉ እንጂ ፊልም እንድትጨርሱበት አይደለም። ባትሪውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚደክም አንዳንዴ ገመዱን ነቅላችሁ ፈትኑት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠፋ የሚበራ ኮምፒውተርም አጋጥሞኛል። ቫይረስ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ቫይረሱ ምጣዱ ነበር! የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይም ያንን አይችልም።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ተበላሽቷል) ለማለት አትቸኩሉ። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካለው የስክሪኑ ኬብል መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካዋል። ያ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ፣ የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጉ፤ ከዚያ ራሙን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ የተማሪ ላጲስ በቀስታ ጥረጉት። የላጲሱን ፍርፋሪ አራግፉና ቀጭ እስኪል መልሱት። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሲነሣ ጢጥ ጢጥ የሚል ከሆነ ድምፁን ቁጠሩ፤ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ተመልከቱ።

በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ደግሞ ኢንተርኔቱን ያሰድበዋል። እኛ ከፈረንጅ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ብንዘገይ ምክንያት አለን፤ እሱ ግን ባትሪው አልቆ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ይጠፋል፤ ቀኑ ሲሳሳት ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደሉም» ብሎ ይከለክላል። ባዮሱም (ከዊንዶውስ በፊት ተነሥቶ ኮምፒውተሩን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሊመለስ ስለሚችል አንዳንዱ ኮምፒውተር ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል። ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጠርጠራችሁ በፊት፣ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንዳይሆን እዩ፤ ኮምፒውተሩ ከእሱ ልነሣ ብሎ ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ ትልቁ። በከተማችን የኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ዘገየም ፎርማት፣ ድምፁ ጠፋም ፎርማት። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ አብሮ ይጠረጋል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሲጀምር በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካቋረጣችሁት ራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል። እዚያ የማስነሻ ጥገናና ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም በሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ የሚነሣበት መንገድ) አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን። ካልሆነ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ፋይሉን ገልብጡ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ባለ 48 አኃዝ ቁልፉ ካልተገኘ ማንም አይከፍተውም፤ ባዮስ መነካካትም ቁልፉን እንዲጠይቅ ሊያደርገው ስለሚችል ቀድማችሁ ፈልጉት። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ወዲያው አጥፉት። «አንዴ ልሞክረው» እያሉ ደጋግሞ ማስነሣት የተረፈውንም ይፍቃል። ኤስኤስዲ (ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል እንኳ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ሊሞት ይችላል።

ስለ ሙቀት በአጭሩ። ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ አቧራው ቤት ይገባል፤ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አየራችንም ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ያንሳል። ሣጥኑን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡ። አየር ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲሽከረከር አትተዉት። እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ላይ ዳንቴል አይለበስም።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልክ አንሡት፤ «አንድ ነገር ጽፎ ነበር» ማለት ለቴክኒሻኑ ምንም አይነግረውም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሳችሁ ተቀበሉ። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላይ ወይም የራም ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ቤት አስቀሩት፤ ያለ እሱም ባዮስ ድረስ መነሣት አለመነሣቱን መፈተሽ ይቻላል።