ፈረንሳይኛንና ስፓኒሽን ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ሁለቱም የላቲን ልጆች በመሆናቸው በብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት ዕቅድ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አንዳንዴም በአንድ መምህር ይሰጣሉ። ሁለቱንም ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ባስተማርኩባቸው ዓመታት የታዘብኳቸው ስህተቶች፣ የራሴንም ጨምሮ፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ልማድ ነው። ፈረንሳይኛ ችግሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ እንግዳውን ይቀበላል፤ የሚጻፈውና የሚሰማው ስለማይገጥሙ ተማሪው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደናገራል። ስፓኒሽ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያስገባና ችግሩን ጓዳው ውስጥ ያቆያል፤ አናባቢዎቹ 5 ብቻ፣ ንባቡም የተቃና ሆኖ ሳለ ግሱ ዘግይቶ ይከብዳል። ይህን ያላገናዘበ ዕቅድ የፈረንሳይኛ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ዓመት፣ የስፓኒሽ ተማሪዎችን ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ያስቆርጣል።

ፈረንሳይኛን ከሰሌዳ መጀመር

አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ «እነሱ ይናገራሉ» የሚል የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አንድም ፊደል ሳታስቀር «ኢልስ ፓርለንት» አለች። ትክክለኛው ንባብ «ኢል ፓርል» ነው። ልጅቷ ያየችውን ሁሉ በጥንቃቄ አንብባለች፤ ጥፋቱ ቃሉን በጆሮዋ ሳላሰማት በዓይኗ እንድታየው ያደረግሁት የእኔ ነበር። ይህ ግስ በአሁን ጊዜ ለ«እኔ»፣ ለ«አንተ»፣ ለ«እሱ» እና ለ«እነሱ» ሲረባ መጨረሻው በሦስት የተለያዩ መንገዶች ይጻፋል፤ ጆሮ የሚሰማው ግን አንዱን «ፓርል» ብቻ ነው። በአንጻሩ ለብቻው የማይሰማው የብዙ ቁጥር ምልክት፣ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲከተለው ነፍስ ይዘራል፤ «ሌ» እና «አሚ» ሲጋጠሙ «ሌዛሚ» ይሆናሉ። ፊደልን እንደተጻፈ ማንበብ ለለመደ ልጅ ይህ ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቃል መጀመሪያ ይሰማ፣ ቀጥሎ በአፍ ይደገም፣ ከዚያ በኋላ ይታይ። እንዲህ ስል ጽሑፍን ለወራት እንሸሽግ ማለቴ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሰማውን ቃል ሳይጽፍ አያድርም፤ መምህሩ ካላሳየው በራሱ ፊደል ደብተሩ ኅዳግ ላይ ያሰፍረዋል። «ቦንዡር» ብሎ ሲጽፍ ፈረንሳዮች የማይጠሩትን «ን» ጨምሮ ነው፤ በእነሱ አፍ እዚያ ቦታ ላይ ያለው በአፍንጫ የሚወጣ አናባቢ ነው። «ጥሩ»፣ «ገላ መታጠብ» እና «አግዳሚ ወንበር» የሚሉት ሦስት የፈረንሳይኛ ቃላት የሚለያዩት በዚህ የአፍንጫ አናባቢ ብቻ ሲሆን፣ በእኛ ፊደል ሲጻፉ «ቦን»፣ «ባን» እና «ባን» ይሆኑና ሁለቱ ይደባለቃሉ። «መንገድ» እና «ጎማ» የሚሉት ቃላትም ሁለቱም «ሩ» ተብለው ይቀራሉ። ለዚህኛው ከማብራሪያ ይልቅ ልምምድ ይበጃል፤ ተማሪው «ኢ» እያለ ምላሱን ሳያንቀሳቅስ ከንፈሩን ብቻ «ኡ» እንደሚል ሰው እንዲያሞጠሙጥ ማድረግ ነው። በልጆች ዘንድ ሳቅ ይፈጥራል፣ ድምፁ ግን ይወጣል።

ስፓኒሽን «ቀላል ነው» ብሎ ማዝገም

የስፓኒሽ ክፍል በመጀመሪያው ወር የደስታ ክፍል ነው። ልጆቹ ያነበቡትን በትክክል ይጠራሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ መምህሩም ደስ ብሎት ዓመቱን በቀለማት፣ በእንስሳትና በቤተሰብ ስሞች ይጨርሰዋል። በሁለተኛው ዓመት ግሱ ከነጓዙ ሲመጣ ግን «አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላይስ፣ አብላን» የሚሉት ስድስት መጨረሻዎች ሁሉም በጆሮ የሚለዩ፣ ሁሉም አስፈላጊ ሆነው በአንድ ጊዜ በልጆቹ ላይ ይወርዳሉ። የእኔ ምክር የስፓኒሽ ግስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሦስት ሦስት መደብ እያለ እንዲገባ፣ የፈረንሳይኛው ሙሉ የርባታ ሰንጠረዥ ደግሞ እንዲዘገይ ነው። በፈረንሳይኛ ጭውውት «እኛ» ለማለት በብዛት የሚያገለግለው «ኦን» እንደ «እሱ» ስለሚረባ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ የግስ ድምፅ ብቻ ብዙ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። የስፓኒሽ ግስ አድራጊውን በመጨረሻው ስለሚናገር፣ እኛ «እኔ» ሳንል «እናገራለሁ» እንደምንለው ሁሉ ተውላጠ ስሙ ይቀራል። ፈረንሳይኛ ይህን አይፈቅድም፤ ሁሉም «ፓርል» ሆኖ ስለሚሰማ ከፊቱ «ዠ» ወይም «ኢል» ካልተባለ የተናገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምክንያቱ የተነገረው ተማሪ ተውላጠ ስሙን አይረሳም፤ «ግዴታ ነው» ብቻ የተባለው ግን በየዓረፍተ ነገሩ ይጥለዋል።

የስፓኒሽ ትልቁ ጓዳ ግን «ነው» የሚለውን በሁለት ግሶች መክፈሉ ነው። ብዙ መጻሕፍት «ሴር ለዘላቂ፣ ኤስታር ለጊዜያዊ» የሚል አጭር ሕግ ያስተምራሉ፤ ይህ ሕግ ልጁን ከሚረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል። ማድሪድ ከስፔን የትም አትሄድም፤ ያለችበት ቦታ ሲነገር ግን «ኤስታ» ነው። ከሞት የበለጠ ዘላቂ ነገር የለም፤ ሆኖም የሞተ ሰው «ኤስታ ሙኤርቶ» ይባላል። ለጥቂት ሰዓት የሚቆይ ድግስ የት እንደሚደረግ ሲገለጽ ደግሞ ከ«ሴር» የሚረባው «ኤስ» ይመጣል። ስለዚህ ማንነትን፣ የትውልድ ቦታን፣ ሰዓትንና የዝግጅት ቦታን ለ«ሴር»፣ አንድ ነገር ያለበትን ቦታና ሁኔታ ለ«ኤስታር» ሰጥቶ በምሳሌ ማስለመድ ይሻላል። «ኤስ አቡሪዶ» ማለት «አሰልቺ ነው» ሲሆን «ኤስታ አቡሪዶ» ማለት «ሰልችቶታል» ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ይህችን ልዩነት አንዴ ከሰማ አይረሳትም፤ ስለ ራሱ የትኛውን እንደተናገረ ለማወቅ ይፈልጋልና።

ሰፈር ዞሮ መምጣት

የማስተማሪያ መጻሕፍት አብዛኞቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነው መምህር የእንግሊዝኛውን ማብራሪያ ተርጉሞ ያቀርባል። በዚህም ልጁ በእጁ ያለውን ሀብት ያሳጣዋል። «ሜ ጉስታ» የሚለውን «እወዳለሁ» ብሎ የተማረ ልጅ «ዮ ጉስቶ» ማለቱ አይቀርም። «ደስ ይለኛል» ብሎ ቢማረው ኖሮ ግን የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ከአፉ ጋር አንድ በሆነ ነበር፤ «መጽሐፉ ደስ ይለኛል» እና «መጻሕፍቱ ደስ ይሉኛል» ስንል ግሱ የሚከተለው መጽሐፉን ነው፤ ስፓኒሽም «ሜ ጉስታ» እና «ሜ ጉስታን» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ»ም ያው «ራሴን ያመኛል» ነው። በአክብሮት አነጋገርም እንዲሁ ነው። «እርስዎ መጡ» ስንል ግሱን «እነሱ መጡ» ከሚለው እንደምንዋሰው ሁሉ፣ ስፓኒሽም «ኡስቴድ» ሲል ግሱን የሚወስደው ከ«እሱ» ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ «ቩ» ብሎ የ«እናንተ»ን ግስ ይጠቀማል። አንቱታን ከቤቱ ይዞ ለመጣ ልጅ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም።

አማርኛ የማይረዳበትም ቦታ አለ፤ እሱንም መምህሩ ቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። «12 ዓመቴ ነው» የሚል ልጅ «ነው»ን ይዞ ይሄድና በፈረንሳይኛ «ዠ ስዊ ዱዝ» ይላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ዕድሜን የሚናገሩት «አለኝ» በሚል ግስ ነው፤ «ዤ ዱዝ አን»፣ «ቴንጎ ዶሴ አኞስ»። ረሃብም ጥምም በዚሁ ግስ ይነገራሉ።

ስምን ብቻውን ማስጠናት

በአማርኛ ጠረጴዛን «ጠረጴዛው» ወይም ለማሳነስና ለማቆላመጥ «ጠረጴዛዋ» ማለት እንችላለን፤ ጾታው ከተናጋሪው ስሜት ጋር ይሄዳል። በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ግን የዕቃ ጾታ የተወሰነ ነው፤ ልጁም ቃሉን ከነአርቲክሉ (እንደ «ለ»፣ «ላ» እና «ኤል» ከፊቱ ከሚቆመው ቃል ጋር) ካልያዘው በኋላ ቅጽሉንም ተውላጠ ስሙንም ያበላሽበታል። ሁለቱ ቋንቋዎች እህትማማች ናቸውና ጾታቸው አንድ ነው ብሎ መገመትም አይገባም። ወተት በፈረንሳይኛ ተባዕታይ ሆኖ «ለ ሌ»፣ በስፓኒሽ አንስታይ ሆኖ «ላ ሌቼ» ነው። ባሕር በፈረንሳይኛ «ላ ሜር»፣ በስፓኒሽ ባብዛኛው «ኤል ማር» ይባላል። በስፓኒሽ «ኦ» ወንድ፣ «አ» ሴት የሚለው መመሪያ ጠቃሚ ቢሆንም «ላ ማኖ» (እጅ)፣ «ኤል ዲያ» (ቀን) እና «ኤል ማፓ» (ካርታ) የሚሉት የዕለት ተዕለት ቃላት ያፈርሱታል፤ ስለዚህ ከመመሪያው ጋር በዚያው ቀን ይሰጡ።

ቁጥርን በዜማ ብቻ ማስተማር

ከ1 እስከ 100 የሚዘምር ክፍል 76ን ሲጠየቅ ከ60 ጀምሮ ሲቆጥር ይገኛል። በፈረንሳይ 70 «60 እና 10»፣ 80 «4 ሃያዎች»፣ 97 ደግሞ «4 ሃያዎች እና 17» ተብሎ ስለሚነገር ቁጥሮቹን አለቅደም ተከተል፣ በስልክ ቁጥርና በሰዓት ማለማመድ ያስፈልጋል። በቤልጅየምና በስዊዘርላንድ 70ን «ሴፕታንት»፣ 90ን «ኖናንት» እንደሚሉ መንገርም ልጆቹን ያስደስታቸዋል፤ የአንድ አገር አነጋገር ብቻ ትክክል ነው ከሚል ስህተትም ይጠብቃቸዋል። በስፓኒሽም እንዲሁ በስፔን ለ«እናንተ» «ቦሶትሮስ» ሲባል በላቲን አሜሪካ «ኡስቴዴስ» ይባላል። መምህሩ አንዱን መርጦ ይጽና፣ ሌላውን ግን ስህተት አይበለው።

ስህተትን በራስ አፍ አርሞ ማለፍ

ልጁ ይሳሳታል፣ መምህሩ ትክክለኛውን ደግሞለት ይቀጥላል። ለልጁ ክብር ሲባል የሚደረግ ነውና ማንም ክፉ አይለውም። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በካናዳ ባሉ የአንደኛ ደረጃ የፈረንሳይኛ ክፍሎች ላይ አድርገው በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን፣ መምህራኑ ከሁሉም አብልጠው የሚጠቀሙበት ይህ ዓይነቱ እርማት ተማሪው ራሱን እንዲያርም በማድረግ ረገድ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልጁ የመምህሩን ድግግሞሽ «ልክ ነህ» እንደማለት ይወስደዋል። ከዚህ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ስህተቱ ድረስ ብሎ ማቆምና ልጁ እንዲጨርሰው መጠበቅ፣ ወይም «ለ ነው ላ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መጠበቁ ለመምህር ከባድ ነው፤ አምስት ሰከንድ ዝምታ ክፍል ውስጥ ረጅም ነው። ሁሉንም ስህተት ማረም አያስፈልግም፤ በዚያ ሳምንት የተማሩትን ብቻ ማረም በቂ ነው።

የዚህን ዕድሜ ኀፍረት አለማወቅ

የ8 ዓመት ልጅ እንግዳ ድምፅ በማውጣት ይደሰታል። የ13 ዓመት ልጅ ግን የፈረንሳይኛውን «ር» ከጉሮሮው አሳምሮ ቢያወጣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ይሰጋል፤ ሆን ብሎ አበላሽቶ የሚናገር ጎበዝ ተማሪ አይቻለሁ። ስለዚህ አንዱን ልጅ በድንገት ማስነሳት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ መጀመሪያ ክፍሉ በአንድነት ይበል፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፣ ከዚያ ፈቃደኛው ይነሳ። ይዘቱም ከዕድሜያቸው ጋር ይሂድ። ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጠብና ስለ ኳስ የሚያስብ ልጅ ለዓመት ሙሉ «ድመቷ ጥቁር ናት» እያለ ሊቆይ አይገባም።

ሁለቱን ቋንቋዎች አጠጋግቶ መስጠት

ሁለቱንም የሚማሩ ልጆች ካሉ በአንድ ወቅት ባይጀምሯቸው፣ ቢያንስም ክፍለ ጊዜዎቹ ባይከታተሉ እመርጣለሁ። «ጋቶ» የሚለው ድምፅ በፈረንሳይኛ ኬክ፣ በስፓኒሽ ድመት ነው። «አንታንድር» በፈረንሳይኛ መስማት ሲሆን ወንድሙ «ኤንቴንዴር» በስፓኒሽ መረዳት ነው። በስፓኒሽ ስም የሚባለው «ኖምብሬ» ከፈረንሳይኛው ቁጥር ጋር በጽሑፍ አንድ ነው። እነዚህን ቃላት በአንድ ቀን ጎን ለጎን ደርድሮ ማስተማር ይበልጥ ያደናግራል፤ አንዱ በደንብ ከተቀመጠ ከወራት በኋላ ሌላውን አምጥቶ ማወዳደር ግን ለልጆቹ እንደ እንቆቅልሽ ይጣፍጣቸዋል።

በጽሑፍ ብቻ መፈተን

ዓመቱን ሙሉ ተናገሩ ሲባሉ የከረሙ ልጆች በመጨረሻ ክፍት ቦታ ሙሉ የሚል ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት የትኛውን ሥራ ችላ ማለት እንደሚችሉ ወዲያው ይገባቸዋል። ዴልፍ የተባለው የፈረንሳይኛ ፈተና ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን እኩል 25 ነጥብ ሰጥቶ ከ100 ያስባል፤ ለማለፍ 50 የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከአራቱ በአንዱ እንኳ ከ5 በታች ያገኘ ተፈታኝ ድምሩ ቢበቃም አያልፍም። 40 ተማሪ ላለው ክፍል የቃል ፈተና ጊዜ ይወስዳል ቢባል እውነት ነው። በየክፍለ ጊዜው ሌሎቹ በጽሑፍ ሲሠሩ ሁለት ሁለት ልጆችን ወደ ጠረጴዛው ጠርቶ ሦስት ሦስት ደቂቃ ማነጋገር ግን ይቻላል፤ በ20 ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳሉ።