ሶንግክራን ላይ አዲስ መጤ የሚሳሳታቸው ነገሮች

የታይላንድ አዲስ ዓመት ሶንግክራን በየዓመቱ ከኤፕሪል 13 እስከ 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ይከበራል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ውስጥ አስፍሮታል። ከውጭ የሚመጣው ሰው ግን በአብዛኛው የሚያውቀው የከሰዓቱን ብቻ ነው፦ ባልዲና የውሃ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ መራጨት። ጠዋት በገዳማትና በየቤቱ፣ በሽማግሌዎች እጅ ላይ በቀስታ የሚፈስሰው ውሃ ግን የበዓሉ ሥር ነው። ብዙው ጥፋት የሚመጣው የከሰዓቱን አረጫጨት ወደማይገባበት ቦታ፣ ሰዓትና ሰው ከመውሰድ ነው።

በሚሄድ ሞተር ሳይክል ላይ ውሃ መድፋት

ይህ አንዱ ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ ይከፋል። መንግሥት በበዓሉ ሰሞን ያሉትን ሰባት ቀናት “ሰባቱ አደገኛ ቀናት” ብሎ የመንገድ አደጋ በየቀኑ ይቆጥራል። በቅርብ ዓመታት በእነዚህ ሰባት ቀናት ብቻ በየዓመቱ ከ200 ሰው በላይ ሞቷል፤ አብዛኛው አደጋ የሞተር ሳይክል ነው። ዋና ዋና ምክንያቶቹ ፍጥነትና ጠጥቶ መንዳት ናቸው። እናንተ ደግሞ በዚያ ላይ ባልዲ ውሃ ትጨምራላችሁ።

እስቲ አስቡት። አሥር ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሲሞላ አሥር ኪሎ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ያንን ፊቱ ላይ ሲቀበል መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቀጥሎ ደንግጦ የፊት ፍሬኑን ይጨብጣል። መንገዱ ረጥቧል፤ ሰው ፊቱን የሚቀባው ነጭ ጭቃም አስፋልቱ ላይ ፈስሶ ያንሸራትታል። የፊት ጎማው ከተንሸራተተ ሞተሩን ማቃናት አይቻልም። ኋላ የተቀመጠችው እናት ልጅ አቅፋ ከሆነስ? “የአገሩም ሰው ያደርገዋል” የሚል መልስ አለ። አዎ፣ ያደርገዋል፤ ፖሊሱም በየዓመቱ አታድርጉ ይላል። ሞተሩ ቆሞ፣ ነጂው ፈገግ ብሎ ትከሻውን ካዘነበለ፣ በትንሽ ጣሳ ትከሻው ላይ ጠብ አድርጉለት። ከዚያ ውጭ ሞተር ሲመጣ ባልዲው መሬት ይቀመጥ።

የዚህ ስህተት ወንድም ደግሞ ራስ ሞተር ተከራይቶ በእነዚያ ቀናት መንዳት ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር አይሆንም። ለሞተር የሚያገለግል ፈቃድ ከሌላችሁ የጉዞ ኢንሹራንሱ የሆስፒታሉን ወጪ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ አጥንት ተሰብሮ በግል ሆስፒታል መተኛት ደግሞ የዋዛ ወጪ አይደለም። አንዳንድ አከራይ ፓስፖርት በመያዣ ይጠይቃል፤ አትስጡ። በሰሜን ታይላንድ ባለችው ቺያንግ ማይ ከተማ ከሆናችሁ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ማረፊያ ያዙና በእግር ሂዱ። የከተማው አራት ማዕዘን በየጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ባጃጅ እንኳ ብዙ አያስፈልግም።

ከቦዩ ውሃ መቅዳት

ቺያንግ ማይን የከበበው ቦይ ለዓይን ያምራል። ውሃው ግን የቆመ ውሃ ነው። ዓይን ከገባ ያቀላል፣ ቢዋጥ ሆድ ያበላሻል፣ የተከፈተ ቁስል ካለ ያመረቅዛል። በየቤቱና በየሱቁ ደጃፍ ከቧንቧ የሚሞላ በርሜል አይጠፋም፤ ባለቤቱን በምልክት ጠይቃችሁ ከዚያ ሙሉ። በብዙ ቦታ በነፃ ያስቀዳሉ፤ በተጨናነቁት መንገዶች ግን ለአንድ መሙያ ጥቂት ባት (የአገሩ ገንዘብ) ይጠየቃል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ በመነጽር ተኩት፣ ከላዩም የዋና መነጽር ይኑር። ሲረጭ አፍ መክፈትም አያስፈልግም።

ፒክ አፕ ላይ በርሜል ጭነው የሚዞሩት በውሃው ውስጥ ትልቅ በረዶ ይጨምራሉ። ኤፕሪል የአገሩ ዋና ሙቀት ነው፣ ብዙ ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ሆኖም በረዶ ውሃ በድንገት ጀርባ ላይ ሲወርድ ትንፋሽ ይቆርጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከእነሱ ይራቅ።

ስልኩን በርካሽ ላስቲክ ማመን

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ውሃ የማያስገባ ከረጢት በየመንገዱ ይሸጣል። ጥሩም መጥፎም አለው፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ስልኩን ከማስገባታችሁ በፊት ሶፍት አስገቡበት፣ ዝጉት፣ ማረፊያችሁ ውስጥ በባልዲ ውሃ ግማሽ ሰዓት ከድንጋይ ጋር አስጥማችሁ ተዉት። ሶፍቱ ደረቅ ከወጣ ይሆናል። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያስገባው በመዝጊያው ማዕዘን ነው፤ ሰውም ውሃው መካከል ቆሞ ፎቶ ሊያነሳ ይከፍተዋል። ፎቶ በላስቲኩ ላይ ሆኖ ይነሳል። “ስልኬ ውሃ አይገባውም” የሚለውም አያዋጣም፤ ሳይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ መቀመጥና የሽጉጥ ግፊት አንድ አይደሉም። ማታ የቻርጀሩ ቀዳዳ ፈጽሞ ሳይደርቅ አትሰኩት።

ፓስፖርቱ ማረፊያ ይቅር፣ ኮፒው ይበቃል። ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ብቻ ያዙ። አዲሱ የ20 ባት ኖት ፕላስቲክ ስለሆነ ቢረጥብም ችግር የለበትም፤ የወረቀቶቹን ግን በላስቲክ ጠቅልሉ።

የማይረጨውን ሰው መርጨት

መነኮሳት፣ አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ምግብ የሚሸጥና የሚያበስል ሰው፣ የሥራ ልብስ ለብሶ የሚሮጥ ሠራተኛ። ዝርዝሩ ይህ ነው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ቺያንግ ማይ ፀሐይ ከገባች በኋላ መርጨትም እንደ ብልግና ይታያል። ባንኮክ ውስጥ ሲሎምና ካዎ ሳን የሚባሉት መንገዶች እስከ ማታ ይቀጥላሉ፤ አካባቢያችሁን እያያችሁ ሁኑ።

ነጩ ጭቃ ከኖራ ዓይነት ድንጋይ የሚሠራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ነው። ጉንጭ ላይ በቀስታ ይቀባል፣ ያውም አስፈቅዶ። በበዓሉ ሰበብ የሴቶችን ፊትና አካል መነካካት በየዓመቱ አቤቱታ የሚቀርብበት ጉዳይ ነው። በብዙ የተደራጁ ቦታዎች ጭቃው፣ መጠጡና ከፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራው ባለ ከፍተኛ ግፊት መርጫ ክልክል ናቸው፤ መግቢያው ላይ ይወሰዳሉ።

ነጭ ስስ ልብስ

ይረጥባል፣ ያሳያል። የአገሩ ሰው አበባ የበዛበት ሸሚዝ የሚለብሰው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ነጠላ ጫማ ግፊያ ውስጥ ይወልቃል፤ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ይሻላል። የፀሐይ ክሬም በውሃ ስለሚታጠብ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት።

ጠዋቱን ተኝቶ ማሳለፍ

ማታ ጠጥቶ እስከ ቀትር የተኛ ሰው የበዓሉን ግማሽ አላየም። ኤፕሪል 13 የአረጋውያን ቀን ነው፣ 14 የቤተሰብ። በ13 በቺያንግ ማይ ዋት ፍራ ሲንግ ገዳም የሚኖረው የቡድሃ ምስል በጎዳና ይዞራል፣ ሕዝቡም መዓዛ ያለው ውሃ ያፈስበታል። በገዳማት ግቢ የአሸዋ ቁልል ተሠርቶ በባንዲራ ይጌጣል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ከመግባት በፊት ጫማ አውልቁ፣ ሽጉጡን ውጭ ተዉት። ሴቶች መነኮሳትን አይነኩም።

ታይላንዳዊ ወዳጅ ቤቱ ከጋበዛችሁ አያቱ እጅ ላይ ውሃ እንድታፈስሱ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ውሃው በትንሽ ሳህን ነው፣ የጃስሚን አበባ ይንሳፈፍበታል። ሽማግሌው ተቀምጠው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እናንተ ከእሳቸው ዝቅ ብላችሁ ተንበርከኩና በሁለት እጅ ትንሽ ትንሽ አፍስሱ። ራሳቸው ላይ ፈጽሞ አይፈስስም፤ ራስ በዚያ አገር የተከበረ ነው። ከዚያ ይመርቁና ውሃውን ሊያስነኩዋችሁ ይችላሉ። ጉልበት ስሞ ምርቃት መቀበል ለለመደ ሰው ይህ አይከብደውም። በቡድሃ ምስል ላይ ውሃ ማፍሰስ ከእምነታችሁ ጋር የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ዳር ቆሞ መመልከት በቂ ነው፤ ማንም አያስገድድም።

ቦታና ትኬት

ሲሎም መንገድ የሚሄድ ሰው በባቡር ይሂድ፤ ሳላ ዴንግ ጣቢያ ከመንገዱ በላይ ነው፣ ሳትረጥቡም ከላይ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ወደ ባቡሩ ስትመለሱ ሽጉጡን ባዶ አድርጉ። ካዎ ሳን አጭር መንገድ ስለሆነ ከሰዓት ሰው ይታመቅበታል፤ ከልጅ ጋር አይሆንም፣ የገባችሁበትን ጫፍም አስታውሱ።

የባንኮክ ሠራተኛ ለበዓሉ ወደ ክፍለ ሀገር ስለሚሄድ ከኤፕሪል 11 እና 12 ጀምሮ የባቡርና የአውቶቡስ ወንበር አይገኝም። ቺያንግ ማይን የምታስቡ ከሳምንታት በፊት ቁረጡ። ባንኮችና ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ባት ቀደም ብላችሁ መንዝሩ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ግን አልቀረበትም፦ ፓታያ ትልቁን መራጨት የምታደርገው ከሌላው አገር ከቀናት በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚነሱ

ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ባንኮክ ሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ በቀጥታ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አትያዙ፤ መጀመሪያ የጤና ቁጥጥሩ ጠረጴዛ ጋ ካርዱን አሳዩ፣ ያለዚያ ሰልፉ ጫፍ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቪዛው ሌላ የዲጂታል መግቢያ ቅጽ ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም።

በዓሉ ብዙ ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ የዓሣ ሶስና የሽሪምፕ ድቁስ ይገባበታል። “ጄ” የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት ቤት ግን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም።

የቱሪስት ፖሊስ 1155፣ አምቡላንስ 1669 ነው። ስልኩ ውሃ ገብቶት ሊጠፋ ስለሚችል በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ኮፒ ጋር ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት።