የመጀመሪያዋ መርፌ በማን እጅ?

የምሠራው ለንደን ውስጥ ንጹሕ መርፌ በሚታደልበት ማዕከል ነው። የአገሬ ሰዎች ሥራዬን ሲሰሙ «ወጣቶቹን አስተምሩልን» ይሉኛል። ማስተማሩ አይከፋም። ግን የመጀመሪያዋን የሄሮይን መርፌ ብዙዎቹ በራሳቸው እጅ አይወጉም፤ ጓደኛ ወይም ፍቅረኛ ነው የሚወጋላቸው፣ አንዳንዴም ወንድም። ስለዚህ የምጀምረው ከዚያ እጅ ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ተመራማሪው ኒል ሀንትና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ እዚሁ እንግሊዝ ውስጥ የሞከሩት ነው።

መርፌ ሊወስድ የመጣውን ሰው አልሰብከውም፤ «አንተን መጀመሪያ ማን ወጋህ?» እለዋለሁ። አርባውን ያለፈ አንድ ደንበኛዬ የዚያን ወጥ ቤት የግድግዳ ቀለም ሳይቀር ነገረኝና ዝም አለ። እንዲህ ሲሆን ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀጥሎ «አንተስ ማንን ወጋህ?» ካላችሁት ይዘጋባችኋል። «ውጋኝ ብሎ የለመነህ አለ?» በሉት። አለ፤ አብሮት የሚያድር የ19 ዓመት ልጅ።

ተለማመድን። እኔ ልጁን ሆንኩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ!»
«አይሆንም።»
«እምቢ ካልክ ራሴ እወጋለሁ። ተሳስቼ ብሞት ባንተ ነው!»

እዚህ ላይ ተንተባተበ። ብዙው የሚረታው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን ያተረፈ እየመሰለው ይወጋዋል። መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ አጭር ይሁን። ምክንያት ከደረደረ፣ ለማኙ አንድ በአንድ እያፈረሰ ያሸንፈዋል። የእኔ ሰው ሦስት ጊዜ ሞክሮ «የኔ እጅ ይህን አይሠራም፤ እንካ ፎይል» የምትለዋን ያዘ። የቀረው ቀላል ነው፦ መርፌ ባልጀመረ ሰው ፊት አለመውጋት፣ «እንዴት ያለ ሙቀት መሰለህ» እያሉ አለማውራት።

ፎይሉ ቀልድ አይደለም፤ ሄሮይን ሳይወጉ የሚያጨሱበት ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ነው። የሚያጨስ ሰው ወደ መርፌ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ኪሱ ሲሳሳ ነው፤ ሰውነቱ ለምዶ የድሮው መጠን አልበቃ ሲለው «በመርፌ ትንሹ ይበቃል» የሚለው ወሬ ይጥመዋል። ሄሮይኑን የሚተኩለትን መድኃኒቶች፣ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን፣ የሚያስጀምረው ሐኪም ጋ ሳይውል ሳያድር ማድረስ ያለባችሁ ያኔ ነው። እስከዚያው ፎይል እሰጠዋለሁ። እዚህ አገር ፎይል ማደል የተፈቀደው በፈረንጆቹ መስከረም 2014 ነው፤ ያውም ሰውን ወደ ሕክምና ለማምጣት ወይም የሕክምናው አካል እስከሆነ ድረስ። ማጨሱ ከኤችአይቪና ከሄፓታይተስ ሲ የመርፌ መንገድ ያርቃል እንጂ ሳንባ ይጎዳል፣ ከመጠን ካለፈም ይገድላል። ለዚህ ነው ናሎክሶን፣ ሄሮይን ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልሰውን መድኃኒት፣ የምጨምርለት።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ የሚያጨሰውን ልጅ ከቤት አታባርሩት። መንገድ ላይ የሚያስጠጋው ማን ይመስላችኋል? አንዲት እናት ጸበል ሊወስዱት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ሜታዶኑን ግን እንዳያቋርጥ አልኳቸው፤ ለሳምንታት አቁሞ የቆየ ሰው ወደ ድሮው መጠን ሲመለስ ለሞት በጣም ይጋለጣል።

ባፍንጫ የሚረጨውን ናሎክሶን እያገላበጡ «ልጄ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። አይደለም። ቁልፍ የሌለው መሳቢያ ውስጥ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ። ልጁ ከንፈሩ ከጠቆረና ትንፋሹ ከራቀ መጀመሪያ 999 ይደውሉ፣ አንዱን አፍንጫው ውስጥ ይርጩ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ከአጠገቡ እንዳይርቁ አልኳቸው። ሁለት ፓኬት ወሰዱ፤ አንዱ ለእህታቸው ቤት ነው።